የመብት ደብዳቤ እንዴት ይጻፋል? ከበርሚንግሃም እስር ቤት ደብዳቤ ጋር ደረጃ በደረጃ

የጥቁር አሜሪካውያን የመብት ታጋይ ማርቲን ሉተር ኪንግ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 12 ቀን 1963፣ በስቅለት ዕለት፣ በአላባማ ግዛት በርሚንግሃም ከተማ ታሰረ። የተከሰሰው ያለ ፈቃድ ሰልፍ ወጥተሃል ተብሎ ነው። ሰልፉ ጥቁሮችን ከነጮች የሚለየውን የዘር መለያየት ሥርዓት የሚቃወም ነበር። በዚያው ሰሞን ስምንት ነጭ የሃይማኖት አባቶች በከተማዋ ጋዜጣ ላይ መግለጫ አወጡ። ሰልፉ ጥበብ የጎደለውና ጊዜውን ያልጠበቀ ነው አሉ። ከውጭ የመጡ ሰዎች እየመሩት ነው አሉ። ፖሊስንም አመሰገኑ።

ጋዜጣው እስር ቤት ድረስ ገባ። ኪንግ መልሱን በዚያው ጋዜጣ ጠርዝ ላይ መጻፍ ጀመረ። ከዚያ በቁርጥራጭ ወረቀት፣ በኋላም ጠበቆቹ ባስገቡለት ወረቀት ላይ ቀጠለ። ኤፕሪል 16 የሚል ቀን የያዘው ይህ ደብዳቤ በእንግሊዝኛው ወደ 7000 ቃላት ይጠጋል።

ይህ መመሪያ ያንን ደብዳቤ እየፈታ የራሳችሁን እንድትጽፉ የሚረዳ ነው። ለሥነ ጽሑፍ ትምህርት የምታነቡትም ትጠቀሙበታላችሁ። የእኔ ዋና ፍላጎት ግን ሌላ ነው። በደል አይታችሁ ዝም ማለት ሲያቅታችሁ፣ ጽፋችሁ ሰው ማሳመን እንድትችሉ ነው። ዘይቤ ሲባል ብዙዎቻችን ከትምህርት ቤት ይዘን የወጣነው ዝርዝር ትዝ ይለናል፤ ተነጻጻሪ፣ ተለዋጭ፣ ምጸት፣ ግነት። ጌጥ ይመስለናል። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ግን ለጌጥ የገባ ነገር አላገኘሁም። እያንዳንዱ ዘይቤ ስምንቱ ሰዎች ላነሱት አንድ የተወሰነ ተቃውሞ መልስ ነው። ይህን ከያዛችሁ ሌላው ይከተላል።

ለመለማመጃ አንድ ጉዳይ እንያዝ። በዊልቸር የሚንቀሳቀስ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አለ እንበል። ቤተ መጻሕፍቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍትም ራምፕም (ዊልቸር የሚወጣበት ተዳፋት መንገድ) የለም። ደጋግሞ አመልክቷል፤ መልሱ ሁሌም «በጀት ሲፈቀድ» ነው። ደብዳቤውን አብረን እንጽፍለታለን።

ደረጃ 1፦ የሚሰማችሁን ሰው ምረጡ

በወቅቱ የበርሚንግሃምን ፖሊስና እሳት አደጋ የሚያዘው ዩጂን «ቡል» ኮነር ነበር። የዘር መድልዎን በአደባባይ የሚሟገትለት ሰው ነው። ኪንግ ለእሱ አልጻፈም። ጥቁሮችን በሽብር ለሚያሳድደው የነጮች ቡድን ለኩ ክለክስ ክላንም አልጻፈም። የጻፈው ራሳቸውን ደግ አድርገው ለሚያዩ፣ መድልዎን በልባቸው ለማይወዱ፣ ግን «ቀስ በሉ» ለሚሉ ሰዎች ነው። እነሱ ሊያፍሩ ይችላሉ።

አከፋፈቱን ተመልከቱ። «የተወደዳችሁ የአገልግሎት ባልደረቦቼ» ይላቸዋል። ለትችት ሁሉ መልስ ልስጥ ብል ሌላ ሥራ መሥሪያ ጊዜ አይኖረኝም፤ እናንተ ግን በጎ ፈቃድ ያላችሁ ሰዎች ስለሆናችሁ በትዕግሥት እመልስላችኋለሁ ይላል። ይህ ጨዋነት ብቻ አይደለም። በጎ ሰው ነህ የተባለ አንባቢ ከዚያ በኋላ በበጎ ሰው ሚዛን ይመዘናል። ደብዳቤው ወደ መጨረሻው እየጠነከረ ሲሄድ ጥንካሬው የሚመጣው ከዚህ አከፋፈት ነው።

የእኛ ተማሪ ታዲያ ለማን ይጻፍ? ሁለተኛ ፎቅ ላይ መታወቂያ ለሚያየው ሠራተኛ አይደለም። «ለሚመለከተው ሁሉ» ብሎም አይደለም፤ እንዲህ የተጻፈ ደብዳቤ ማንንም አይመለከትም። ስለ እኩል የትምህርት ዕድል በየመድረኩ ለሚናገሩት የተማሪዎች ጉዳይ ኃላፊ ይጻፍ። የተናገሩት ነገር ስላለ የሚያዙበት ነገር አለ።

ደረጃ 2፦ የተባላችሁትን በራሳቸው ቃል መዝግቡ

ወረቀቱን ለሁለት ክፈሉት። በቀኝ በኩል እነሱ ያሉትን ቃል በቃል ጻፉ። ሳታጣምሙ፣ ሳታከፉ። በግራ በኩል መልሳችሁን። የኪንግ ደብዳቤ በዚህ መልክ ቢሰነጠቅ እንዲህ ይሆናል፦ «የውጭ ሰዎች»፣ «ለምን ድርድር አትመርጡም»፣ «ጊዜው አይደለም»፣ «ሕግ ትጥሳላችሁ»፣ «ጽንፈኞች ናችሁ»፣ «ፖሊስ ሥርዓት አስከብሯል»። ደብዳቤው በእነዚህ ላይ ተራ በተራ ይሄዳል። የአንባቢውን ሐሳብ ፊት ለፊት ስለሚያስቀምጥ አንባቢው «እኔ ያልኩት እኮ ይህ አልነበረም» ብሎ የሚያመልጥበት በር የለውም።

«የውጭ ሰው» ለሚለው የሰጠውን መልስ ጠጋ ብላችሁ እዩት፤ እኔ ከደብዳቤው ሁሉ ለማስተማሪያ የምመርጠው ይህን ክፍል ነው። ለአንዱ ክስ ሦስት መልስ ይሰጣል፤ መልሶቹም ደረጃ አላቸው። መጀመሪያ የቢሮ መልስ ነው። እኔ የደቡብ ክርስቲያን መሪዎች ጉባኤ ፕሬዚዳንት ነኝ፣ በመላው የአሜሪካ ደቡብ 85 ያህል አባል ድርጅቶች አሉን፣ የበርሚንግሃሙ ድርጅት ጠርቶኝ መጣሁ ይላል። ደረቅ ነው፤ ግን ማንም አያስተባብለውም። ሁለተኛው የመጽሐፍ መልስ ነው። ነቢያት ከመንደራቸው ወጥተዋል፤ ጳውሎስም ከጠርሴስ ወጥቶ የመቄዶንያን ጥሪ ሰምቷል። ለቄስና ለረቢ የተጻፈ ነውና ይህን ማን ይክዳል? ሦስተኛው የሰው ልጅ ሁሉ መልስ ነው፤ በአንድ ቦታ ያለ ኢፍትሐዊነት በየትኛውም ቦታ ላለ ፍትሕ ስጋት ነው። በየቲሸርቱ የምናየው አባባል ይህ ነው። ብቻውን ሲጠቀስ ጥሩ አባባል ይሆናል። እዚያ ቦታው ላይ ግን ሁለት ጠንካራ ደረጃዎች ወጥተን ነው የምንደርስበት። ትልቁን ዓረፍተ ነገራችሁን መጀመሪያ ላይ አታባክኑት።

ደረጃ 3፦ ቀንና ቁጥር ይቅደም

ኪንግ ማንኛውም ሰላማዊ ዘመቻ አራት ደረጃ አለው ይላል፦ በደል መኖሩን በማስረጃ ማረጋገጥ፣ መደራደር፣ ራስን ማንጻት፣ ከዚያ ቀጥተኛ እርምጃ። ከዚያ አራቱንም እንዳለፉ ያሳያል። በሴፕቴምበር 1962 ከነጋዴዎች ጋር ተነጋግረው ነበር። ነጋዴዎቹ በየመደብሩ የተለጠፉትን አዋራጅ የዘር ምልክቶች እናነሳለን ብለው ቃል ገቡ። ሳምንታትና ወራት አለፉ። ጥቂቶቹ ለአጭር ጊዜ ተነስተው ተመለሱ፤ ሌሎቹ ጭራሽ አልተነሱም።

«ጊዜው አይደለም» ለሚለውም መጀመሪያ የመለሰው በቀን መቁጠሪያ ነው። የከንቲባ ምርጫ ነበር፤ ጠበቅን። ምርጫው ወደ ሁለተኛ ዙር ሄደ፤ ደግመን ጠበቅን። ስሜቱ ገና አልመጣም። ስሜት ሲመጣ የሚቆምበት መሬት እየተዘጋጀለት ነው።

ተማሪያችንም እንዲህ ያድርግ። በየትኛው ቀን አመለከተ? ማን ተቀበለው? ምን ተባለ? ስንት መጽሐፍ ሰው ልኮ አስወጣ? ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በ2010 እ.ኤ.አ. አጽድቃለች፤ እሱንም በአንድ መስመር ያስገባ። «ተበድያለሁ» የሚለው ቃል እስካሁን አያስፈልግም።

ደረጃ 4፦ ምስክር ከእነሱ መደርደሪያ ጥሩ

ሕግ ትጥሳላችሁ ለሚለው ክስ ኪንግ ፍትሐዊ ሕግና ኢፍትሐዊ ሕግ አለ ብሎ ይመልሳል። ይህን ሲል የጠራቸውን ምስክሮች እዩ። ቅዱስ አውግስጢኖስ፤ ኢፍትሐዊ ሕግ ሕግ አይደለም ያለው። ቶማስ አኩዊናስ። አይሁዳዊው ፈላስፋ ማርቲን ቡበር። የፕሮቴስታንቱ ሊቅ ፖል ቲሊክ። ከስምንቱ መካከል የካቶሊክ ጳጳስ አለ፣ ረቢ አለ፣ የፕሮቴስታንት አገልጋዮች አሉ። እያንዳንዱ የራሱ ቤት መምህር ቆሞ ሲመሰክርበት ያያል። ከዚያ ሲድራቅ፣ ሚሳቅና አብደናጎ ይመጣሉ፤ የናቡከደነፆርን ትእዛዝ አንቀበልም ያሉት። ሠለስቱ ደቂቅን ከእቶን እሳት ያወጣውን መልአክ ሥዕል በየቤተ ክርስቲያኑ እያየ ላደገ አንባቢ ይህ ምሳሌ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ምስክር ሲመረጥ እንዲህ ነው፤ አንባቢው ቀድሞ የሚያከብረው መሆን አለበት። እናንተ የምታከብሩት መሆኑ አይበቃም።

ልብ በሉ፣ ምስክር ብቻውን አልተወውም። ራሱ የደረሰበትንም አስገባ። ሰልፍ ፈቃድ ይጠይቃል የሚል ደንብ በራሱ ችግር የለበትም ይላል። መለያየትን ለማስጠበቅና ሰላማዊ ተቃውሞን ለመከልከል ሲውል ግን ኢፍትሐዊ ይሆናል። ጥያቄው ሁሉ በአንድ ትንሽ ደንብ ላይ ሲወርድ ግልጽ ይሆናል።

ደረጃ 5፦ አንባቢውን አስጠብቁት

አሁን ወደ ደብዳቤው ልብ ደረስን። «ጠብቁ» ለሚለው ቃል የተሰጠው እውነተኛ መልስ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። በእንግሊዝኛው ከ300 ቃላት በላይ ነው። አንድ ብቻ።

የመለያየትን እሾህ ቀምሶ ለማያውቅ ሰው «ጠብቁ» ማለት ቀላል ነው ብሎ ይነሳል። ከዚያ «ይህን ስታይ…»፣ «ይህን ስታይ…» እያለ ይደራርባል። እናትና አባትህን መንጋ ሲሰቅል ስታይ። ጥላቻ የሞላው ፖሊስ ወንድም እህትህን ሲረግም፣ ሲረግጥ፣ ሲገድልም ስታይ። ከ20 ሚሊዮን ወገንህ አብዛኛው በድህነት ሲታፈን ስታይ። ከዚያ ድንገት ድምፁ ይወርዳል። የ6 ዓመት ሴት ልጅህ በቴሌቪዥን ያየችው የመዝናኛ ቦታ ለምን እንደማትሄድ ስትጠይቅህ ምላስህ ሲተሳሰር። ለጥቁር ልጆች ዝግ ነው ስትላት ዓይኗ እንባ ሲያቀርር። የ5 ዓመት ወንድ ልጅህ «አባዬ፣ ነጮች ለምን እንዲህ ይጨክኑብናል?» ሲልህ። መንገድ ስትወጣ የሚያሳድርህ ሆቴል አጥተህ መኪና ውስጥ ስታድር። ሚስትህና እናትህ «ወይዘሮ» የሚል ማዕረግ ሲነፈጉ። ምንም አይደለህም የሚል ስሜት ከውስጥህ ጋር ሲታገልህ። ይህ ሁሉ አልፎ ነው ዋናው ሐረግ የሚመጣው፤ ያኔ መጠበቅ ለምን እንደሚከብደን ይገባሃል።

እዚህ ውስጥ ቢያንስ አራት ዘይቤ አብሮ ይሠራል። አንደኛ፣ የሐረግ ድግግሞሽ። ሁለተኛ፣ የዋናው ግሥ መዘግየት። አንባቢው ዓረፍተ ነገሩ እስኪያልቅ ይጠብቃል፤ መጠበቅ ምን እንደሚመስል በራሱ ትንፋሽ ያውቀዋል። ሦስተኛ፣ «አንተ» የሚለው አጠራር። ነጩ ጳጳስ ለአንድ ገጽ ያህል ጥቁር አባት ሆነ። አራተኛውን ብዙዎች ሳያስተውሉት ያልፋሉ፤ ቅደም ተከተሉ ነው። እኛ ብንጽፈው ከትንሹ ጀምረን በግድያው እንጨርስ ነበር። ኪንግ ገልብጦታል። ከግድያ ተነስቶ ወደ ልጅ እንባ፣ ከዚያ ወደ ስም፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ወረደ። ግድያን ሁሉም ያወግዛል፤ ስምንቱም አውግዘው ይሆናል። የልጅቷን ጥያቄ ግን አባት የሆነ ሁሉ ቤቱ ይዞት ይገባል።

በአማርኛ ይህን ለመጻፍ ዕድለኞች ነን። ግሣችን መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ማዘግየት ተፈጥሯችን ነው። ችግራችን ሌላ ነው፤ ድግግሞሹ የሚያርፈው በሐረጉ መጨረሻ ላይ ስለሆነ፣ ሐረጎቹ እኩል ርዝመት ካላቸው ያደነዝዛሉ። አንዱን አስረዝሙ፣ ቀጣዩን በሦስት ቃል ቁረጡ። ተማሪያችን እንዲህ ሊጽፍ ይችላል፦

«ፈተና ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው ጓደኞችህ ቦርሳቸውን አንግበው ደረጃውን ሲወጡ፣ አንተ ከታች ስትቀር፣ የፈለግከውን መጽሐፍ ርዕስ ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፈህ ለማታውቀው ሰው ስትሰጥ፣ ሌላ መጽሐፍ ይዞልህ ሲወርድ፣ አመስግነህ ስትቀበለው፣ ያኔ ‹በጀት ሲፈቀድ› የሚለው መልስ ለምን እንደማይበቃኝ ይገባዎታል።»

ግነት የለበትም። ስድብ የለበትም። «አመስግነህ ስትቀበለው» የምትለዋ ሐረግ ከየትኛውም የምሬት ቃል ትበልጣለች። እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር በአንድ ደብዳቤ ውስጥ አንዴ ብቻ ይበቃል።

ደረጃ 6፦ ሁለት ነገር ጎን ለጎን አቁሙ

ተቃርኖ ለመብት ጽሑፍ ሁነኛ መሣሪያ ነው። የእስያና የአፍሪካ አገሮች በጄት ፍጥነት ወደ ፖለቲካ ነፃነት ሲሄዱ፣ እኛ በመደብር ቡፌ አንድ ሲኒ ቡና ለማግኘት በፈረስ ጋሪ እንዳክራለን ይላል። የነፃነት ትልቅነትና የቡና ትንሽነት አንድ ላይ ሲቆሙ አሳፋሪነቱን ማስረዳት አያሻም። ይህ ባዶ ንግግርም አልነበረም። ከተጻፈ ከአንድ ወር ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አዲስ አበባ ላይ ተመሠረተ። በዚያው ጉባኤ ሰሞን የኡጋንዳው ጠቅላይ ሚኒስትር ሚልተን ኦቦቴ ለፕሬዚዳንት ኬኔዲ ግልጽ ደብዳቤ ጽፈው በበርሚንግሃም ሰልፈኞች ላይ ስለተለቀቁት ውሾችና የውሃ ቱቦዎች ወቅሰዋል። በጄት የሚሄዱት በጋሪ ለቀሩት ጮኹላቸው።

ተቃርኖውን በምትጽፉበት ጊዜ ሁለቱም ወገን እውነት ይሁን። አንዱን ወገን አጋንናችሁ ከሳላችሁት ይፈርሳል።

ደረጃ 7፦ የተለጠፈባችሁን ስም አትጣሉት

ኪንግ ጽንፈኛ ተባለ። መጀመሪያ ቅር እንዳለው ይናገራል። ከዚያ ቃሉን አንስቶ ያገላብጠዋል። ኢየሱስ የፍቅር ጽንፈኛ አልነበረም? አሞጽስ «ፍርድ እንደ ውኃ ጽድቅም እንደማይደርቅ ፈሳሽ ይፍሰስ» ሲል የፍትሕ ጽንፈኛ አልነበረም? ጳውሎስ፣ የፕሮቴስታንቱ ተሐድሶ መሪ ሉተር፣ የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶቹ ሊንከንና ጄፈርሰን እያለ ይቀጥላል። መልስ የማይሹ ጥያቄዎች ናቸው፤ ሁሉም ወደ አንድ ቦታ ይገፋሉ። ዋናው ነገር ጽንፈኛ መሆን አለመሆናችን ሳይሆን ለጥላቻ ነው ወይስ ለፍቅር የሚለው ነው ብሎ ይዘጋዋል።

ተማሪያችንን «ነገር ታበዛለህ» ብለውት ከሆነ እንዲህ ይበል፦ አዎ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ደጋግሜ አመልክቻለሁ፤ ቤተ መጻሕፍት ለመግባት ስንት ማመልከቻ ይበቃል?

ደረጃ 8፦ ወዳጅን ስትወቅሱ

የደብዳቤው ከባዱ ክፍል ይህ ነው፣ ለመጻፍም ለመቀበልም። «ክርስቲያንና አይሁድ ወንድሞቼ፣ ሁለት ነገር ልናዘዝላችሁ» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ የጥቁሩ ሕዝብ ትልቁ መሰናክል ክላኑ ሳይሆን ለዘብተኛው ነጭ ነው ወደሚል መደምደሚያ ደርሻለሁ ይላል፤ ከፍትሕ ይልቅ ሥርዓትን የሚወድ፣ ውጥረት የሌለበትን ሰላም ፍትሕ ካለበት ሰላም የሚያስበልጥ ሰው። በጎ ፈቃድ ካለው ሰው የሚመጣ ጥራዝ ነጠቅ መረዳት፣ ክፉ ፈቃድ ካለው ሰው ፍጹም አለመረዳት ይልቅ ያሳዝናል ይላል።

የኑዛዜ መልክ መስጠቱ ነው ያስደነቀኝ። ክስ ቢሆን ኖሮ አንባቢው ለመከላከል ይቆም ነበር። ኑዛዜ ሲሆን ይቀመጥና ይሰማል። በተለይ ለቄስ። ከዚህ በኋላ ደግሞ አብረው የተሰለፉትን፣ የታሰሩትን ጥቂት ነጮች ያመሰግናል። ሁሉን በአንድ ሙቀጫ አይወቅጥም። በጎ የሠራ ካለ ጥቀሱት፤ ቢሮው ውስጥ የረዳችሁ አንድ ሰው ካለ ሳታሳጡት አመስግኑት።

ደረጃ 9፦ ድምፁን ለምስክሩ ተዉለት፣ ከዚያ ዝጉ

ኪንግ ስምንቱ ሰዎች ፖሊስን ማመስገናቸውን የመጨረሻ መልሱ አድርጎ ያነሳዋል። ውሾቹ መሣሪያ ባልያዙ ሰዎች ላይ ጥርሳቸውን ሲሰኩ ብታዩ እንዲህ ባላመሰገናችሁ ነበር ይላል። ከዚያ ሊመሰገኑ ይገባ የነበሩትን ይቆጥራል። ከእነሱ መካከል የ72 ዓመት አሮጊት አሉ። በሞንትጎመሪ ከተማ ጥቁሮች በዘር በተከፋፈለ አውቶቡስ አንሳፈርም ብለው ባደሙበት ጊዜ በእግራቸው ይሄዱ ነበር። ደከመዎት ወይ ሲባሉ «እግሬ ደክሟል፣ ነፍሴ ግን አርፋለች» አሉ። በእንግሊዝኛው የሴትዮዋ ሰዋስው የተዛነፈ ነው፤ ኪንግ ግን አላረመውም። እንዳሉት አስቀመጠው። እናንተም የምስክራችሁን አነጋገር አታቃኑ።

መዝጊያው የተመጣጠነ ጥንድ ነው። እውነቱን አጋንኜ ከሆነ እናንተ ይቅር በሉኝ፤ አሳንሼው ከሆነ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ትሕትና ነው፤ ግን አንዲት እርምጃ ወደኋላ አላለም።

ደረጃ 10፦ አርሙ፣ አባዙ፣ አስመዝግቡ

የእስር ቤቱ ብጥስጣሽ በየተራ ወጥቶ በባልደረቦቹ እጅ ታይፕ ተደረገ። በሜይ 1963 በትንሽ ጥራዝ ታተመ፤ በዚያው ክረምት በመጽሔቶች ወጣ። ኪንግ በ1964 እ.ኤ.አ. በመጽሐፉ ሲያካትተው እንደገና አስተካክሎታል። በቁጣ የተጻፈ በእርጋታ መታረም አለበት።

ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት። ትንፋሽ ያጠራችሁበት ቦታ ላይ ቁረጡ። ጉዳዩን ለማያውቅ ሰው ስጡና ምን እንደተጠየቀ ይንገራችሁ፤ መናገር ካልቻለ ጥያቄያችሁ አልተጻፈም ማለት ነው። ተማሪያችን በመጨረሻው አንቀጽ ላይ «ራምፕ ይሠራልኝ፣ እስኪሠራ ድረስ በምድር ቤት የንባብ ክፍል ይከፈትልኝ» ብሎ በግልጽ ይጻፍ።

ግልባጭ ለማን እንደሚሄድ አስቡበት። ስምንቱ ሰዎች የደብዳቤው ተቀባዮች ነበሩ፤ ያነበበው ግን አገር ነው። የተማሪዎች ማኅበር፣ የአካል ጉዳተኞች ማኅበር፣ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ይድረሳቸው። ዋናውን መዝገብ ቤት አስገቡ። የገቢ ቁጥሩንና ቀኑን በእናንተ ቅጂ ላይ አስመቱ። መልስ ካልመጣ ሁለተኛው ደብዳቤ የሚጀምረው በዚያ ቁጥር ነው።